ዱባይ ለሚሄዱ ደንበኞቼ የዶልፊን ዋና ትኬት ልሽጥላቸው ወይስ ይቅርብኝ?

የሳንቃበር ልጅ (ጎንደር)

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። የሥራ ጥያቄ ነው። ግን ከሥራም አልፎ ሆዴን እየበላኝ ስለሆነ ነው እዚህ ያመጣሁት።

አንዳንዶቻችሁ ታውቁኛላችሁ፣ አስጎብኚ ነበርኩ። ከደባርቅ ተነስቼ ሰሜን ተራራ ላይ ሳንቃበርና ጨነቅ እንግዳ ይዤ ስወጣ ስወርድ ነው የኖርኩት። እንግዳው ሲጠፋ ምን ይደረግ፣ ከጓደኛዬ ጋር ፒያሳ ላይ አንዲት ጠባብ የጉዞ ቢሮ ከፈትን። ድሮ ሰው ወደ ጎንደር አመጣ ነበር፣ አሁን ከጎንደር አወጣለሁ። ገበያችን ዱባይ ነው። ቪዛ፣ ትኬት፣ ሆቴል፣ የበረሃ ሳፋሪ፣ ቡርጅ ከሊፋ፣ ሁሉንም በአንድ አስረን "ፓኬጅ" እንላለን።

ሰሞኑን አንዲት እናት መጡ። ነጋዴ ናቸው፣ ጠንካራ ሴት። ልጃቸው የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ጥሩ ውጤት አምጥታ ዱባይ ሊወስዷት ቃል ገብተዋል። ልጅቷ ደግሞ ቲክቶክ ላይ ያየችውን ከዶልፊን ጋር መዋኘት ካልሆነ ሌላ አልፈልግም ብላለች። እናትየው ዋጋውን እንኳ ሳይጠይቁ "አስገባልኝ የኔ ልጅ" አሉ። ለኛ በሰው ኮሚሽን አለው፣ ያውም ደህና ኮሚሽን። የፒያሳን ኪራይ የምታውቁ ታውቁታላችሁ።

እጄ ግን እምቢ አለኝ። እስካሁን ቡክ አላደረግኩም።

ያበላሸኝ ጭላዳው፣ የሰሜን ተራራው ዝንጀሮ ነው። ሳንቃበር ላይ መንጋውን አይታችሁታል። ቁጭ ብለው እየተንፏቀቁ ሳሩን በጣታቸው ይነጩታል። ከዝንጀሮ ዘር ሳር ግጦ የሚያድር እሱ ብቻ ነው። እንግዳ መሃላቸው ሲቀመጥ ዞር ብለው እንኳ አያዩትም። ታዲያ አንዳንዴ አንዱ ወንድ የላይኛውን ከንፈሩን ገልብጦ አፍንጫው ላይ ይለጥፈዋል። ድዱ ሮዝ፣ ጥርሱ ነጭ፣ ከሩቅ ያበራል። ፈረንጁ "አያችሁት፣ ሳቀልኝ!" ብሎ ካሜራውን ያስጠጋል። ስካውቱ፣ የፓርኩ ጠባቂ ማለት ነው፣ እሱና እኔ ደግሞ ቶሎ ብለን ወደ ኋላ እንመልሰዋለን። ሳቅ አይደለማ! ተጨንቋል፣ ወይም እያስጠነቀቀ ነው።

አሁን የላኩልኝ የማስታወቂያ ቪዲዮ ላይ ዶልፊኑ አፉን ከፍቶ አንዲት ልጅ ጉንጭ ላይ ተለጥፏል። ጽሑፉ ሁሌም ደስተኛ ነው፣ ሁሌም ፈገግ እንዳለ ነው ይላል። ያ የጭላዳው ከንፈር ነው ትዝ ያለኝ።

እስቲ የምታውቁ ንገሩኝ። እነዚህ እንስሳት ከየት ነው የሚመጡት? ውስጡን ያየ ሰው አለ? ወይስ ዝም ብዬ እያካበድኩ ነው?

አራዳው

ወንድሜ እያካበድክ ነው 😀 ሰው ዘይት መግዣ አጥቶ አንተ ለዓሣ ትጨነቃለህ? ትኬቱን ቁረጥ፣ ኪራይህን ክፈል። ደግሞ አንተ ባትሸጥ እናትየው ቀጥሎ ካለው ቢሮ ይገዛሉ። ዶልፊኑ እንደሆነ ገንዳው ውስጥ ነው፣ የቀረው ያንተ ኮሚሽን ብቻ ነው።

የሳንቃበር ልጅ

ቀጥሎ ካለው ቢሮ ይገዛሉ ያልከው እውነት ነው፣ እሱን አልክድህም። ዓሣ ግን አይደለም። አየር የሚተነፍስ፣ ልጁን የሚያጠባ እንስሳ ነው።

የሎዛዋ

እኔ እንደዚህ ያለ ቦታ ሠርቻለሁ። አገሩንም ቦታውንም አልጠራም፣ ዓረብ አገር በሉት በቃ። መጀመሪያ ጽዳት ነበርኩ፣ በኋላ ፎቶ መሸጫው ላይ አስቀመጡኝ።

ጠዋት መጀመሪያ የሚታየው ዓሣ ነው። በረዶው የለቀቀ ዓሣ በባልዲ በባልዲ ይመዘናል። እያንዳንዱ ባልዲ ላይ የዶልፊኑ ስም ተጽፏል። ቫይታሚኑን በዓሣው ጉሮሮ በኩል፣ እዚያ መተንፈሻው ጋ ይሰገስጉታል። ያ ባልዲ ቁርሱም ምሳውም ደሞዙም ነው። ቀኑን ሙሉ የሚበላው ለእንግዳው እየሠራ ነው።

ከዚያ እንግዳ ይገባል። ላይፍ ጃኬት አልብሰው ወገብ የሚደርስ ውሃ ውስጥ በሰልፍ ያቆሟቸዋል። ፊሽካ ይነፋል፣ ዶልፊኑ መጥቶ ይስማል። ፊሽካ፣ ዓሣ። ይታቀፋል። ፊሽካ፣ ዓሣ። ይሽከረከራል። ፊሽካ፣ ዓሣ። ክንፉን አስይዞ ይጎትታል። ሲያልቅ ቀጣዩ ሰልፍ ይገባል፣ እንደገና ከመሳም ይጀመራል። ሰዉ እኔ ጋ መጥቶ ፎቶውን ሲያይ "ከሁሉም እኔን ነው የወደደኝ" ይላል። ስንቱ እንዲህ እንዳለኝ! እኔም "አዎ ማዳም" እላለሁ፣ እንጀራዬ ነው።

አንድ ነገር ግን ልንገርህ። ፎቶ ስንመርጥ ቆዳው ላይ ጭረት የሚታይበትን አውጡት እንባል ነበር። ጎንና ጎኑ ላይ ማበጠሪያ የተሳበበት የሚመስል ትይዩ ጭረት አለ። የጥርስ ነው፣ እርስ በርስ ሲጣሉ የሚያወጡት። አንዷ አሰልጣኝ እንደነገረችኝ ባሕር ላይም ይጣላሉ፣ ግን ባሕር ላይ የተሸነፈው ይሄዳል። እዚህ ወዴት ይሄዳል?

በአንዱ ሰልፍና በሌላው መሃል፣ አንደኛው ዶልፊን መዝጊያው ጋ ሄዶ ውሃው ላይ ዝም ብሎ ይንሳፈፋል። አፍንጫው ወደ ብረቱ ነው። ፊሽካ ሲሰማ ይነቃና ይመጣል፣ ያው ፊቱ እንደሆነ ሁሌ የሳቀ ይመስላል።

በእውነት ለመናገር አሰልጣኞቹ ክፉ አልነበሩም። የእንስሳት ሐኪም ይመጣል፣ ውሃው በሙቀቱ ወራት ይቀዘቅዛል፣ ያን ያህል ለኛ ለሠራተኞቹ አይታሰብም ነበር። አንዲት ፊሊፒናዊት አሰልጣኝ የምትይዘው ዶልፊን ወደ ሌላ አገር ሲላክ ሁለት ቀን እህል አልቀመሰችም። ይወዷቸዋል። መውደዳቸው ግን መዝጊያውን አይከፍተውም።

ጡረተኛው መምህር (ቁስቋም)

ልጄ የሳንቃበሩ፣ ባዮሎጂ ሳስተምር ነው ያረጀሁት። ከየት ይመጣሉ ላልከው የማውቀውን ልንገርህ።

አንዳንዱ ገንዳ ውስጥ የተወለደ ነው። አንዳንዱ ከባሕር የተያዘ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ከሰለሞን ደሴቶች 28 ዶልፊኖች አውሮፕላን ላይ ተጭነው ዱባይ ሄደዋል። ዓለም ያወቀው ነገር ነው፣ ያኔ ብዙ ጩኸት ተነስቶ ነበር። ጃፓን ውስጥ ታይጂ የምትባል ከተማ ደግሞ አለች። ጀልባዎቹ ውሃ ውስጥ ብረት ይቀጠቅጣሉ፣ በድምፁ እየነዱ መንጋውን ወደ አንድ ጠባብ የባሕር ወሽመጥ ያስገባሉ። ጥሩ ጥሩው ለትርዒት ቤት ተመርጦ ይሸጣል። ብዙው የቀረው ይታረዳል። በ2015 የጃፓን የእንስሳት ማቆያና የአኳሪየም ማኅበር አባሎቹ ከታይጂ እንዳይገዙ ከልክሏል።

ለምን በድምፅ ይነዳሉ ብትል፣ ዶልፊን ዓለምን የሚያየው በዓይኑ ብቻ ስላልሆነ ነው። ድምፅ ይለቃል፣ ተመልሶ ሲመጣ ያዳምጣል፣ በዚያ ዓሣውን ከድንጋይ ይለያል። እያንዳንዱ የራሱ የሆነ ፉጨት አለው፣ እንደ ስም ነው። በ2013 የወጣ ጥናት ላይ አብረው የኖሩ ዶልፊኖች ከ20 ዓመት በላይ ተለያይተው እንኳ የጓደኛቸውን ፉጨት ለይተዋል። እንቅልፉም በፈረቃ ነው፣ ግማሹ አንጎል ሲተኛ ግማሹ ይነቃል፣ አለዚያ ለመተንፈስ ብቅ አይልም። ፈገግታ የምትሉት የመንጋጋው አጥንት ቅርጽ ነው። ሞቶም እንደዚያው ነው። ጭላዳህ እንኳ ከንፈሩን ገልብጦ የሚነግርህ ነገር አለው፣ የዶልፊኑ ፊት ግን ምንም አይነግርህም።

ስለ ገንዳው ስፋት። የአሜሪካ ሕግ ለዚህ ዓይነቱ ዶልፊን የሚጠይቀው ትንሹ ጥልቀት 1.8 ሜትር ያህል ነው፣ ትንሹ ወርድ ደግሞ 7.3 ሜትር ያህል። የፋሲል መዋኛ ለጥምቀት ሲሞላ ዳር ቆማችሁ አይታችኋል አይደል? እሱ ከዚህ ስንት እጥፍ ነው። ያን ሁሉ ውሃ እንኳ ብንሰጠው፣ በቀን በአስር ኪሎ ሜትሮች የሚቆጠር ለሚዋኝ እንስሳ ምኑ ነው?

ሕጉም እየተለወጠ ነው። ሕንድ በ2013 የዶልፊን ትርዒት ቤት እንዳይከፈት ከለከለች። ካናዳ በ2019 ዶልፊንና ዓሣ ነባሪ ለትርዒት መያዝን በሕግ አቆመች። ፈረንሳይ በ2021 እንዲሁ ወሰነች። ያንተን ሙያ የሚነካውን ልጨምርልህ። ትሪፕ አድቫይዘር የሚባለው የጉዞ ድረ ገጽ በ2019 ዶልፊን ለሚያራቡና ለሚያስገቡ ቦታዎች ትኬት መሸጥ አቆመ። ሌላው የጉዞ ድረ ገጽ ኤክስፒዲያ በ2021 ተከተለ። እነሱ ኮሚሽን ስለማይወዱ አይመስለኝም።

እኔ ልጅ ሆኜ የፋሲል ግቢ አንበሶች ሲያገሱ ማታ ማታ እንሰማ ነበር። ኩራት ይሰማን ነበር። ቤታቸው ዛሬም አለ፣ አንተም ለእንግዳ ስታሳየው ኖረሃል። አሁን ሳልፍ የማየው የበሩን ጥበት ነው።

ማራኪ ካምፓስ

ሁላችሁንም በአክብሮት፣ ግን ግብዝነት ይመስለኛል። ጋሪ የሚጎትተው ፈረስ አዘዞ መንገድ ላይ በፀሐይ ሲገረፍ ማን ፖስት አደረገ? ሰሜን ተራራ ላይ በቅሎ የእንግዳ ሻንጣ ተሸክማ ስትወጣ አንተም ከኋላዋ ነበርክ። በሬው ዕድሜውን ሙሉ ያርሳል፣ መጨረሻ ለፋሲካ ይታረዳል። ዶልፊኑ ቢያንስ ሐኪም አለው። ነገሩ ዶልፊን ቆንጆ ስለሆነ ነው። ዶልፊኑ አይጥ ቢመስል ኖሮ ይሄ ጥያቄ አይነሳም ነበር።

የሳንቃበር ልጅ

የጋሪው ፈረስ ነገር ትክክል ነህ። የሚገረፈው ፈረስም ነውር ነው። ዶልፊኑ ስላለ የፈረሱ ጅራፍ አይቀልለትም፣ የፈረሱ ጅራፍ ስላለም የዶልፊኑ ገንዳ አይሰፋም።

በቅሎዋን ግን ላስረዳህ። በቅሎ ከሰው ጋር ተወልዳ ሰው ቤት ያደገች ናት። ጭነት ከበዛባት ትቆማለች፣ ባለቤቷ ያወርድላታል፣ እኛም ከባለ በቅሎው ጋር እንጣላለን። ማታ ሜዳ ላይ ተለቃ ሳር ትግጣለች፣ ከሌሎቹ ጋር ትንከባለላለች። በቅሎ መሆኗን የነሳት ሰው የለም። ዶልፊኑ ግን ምን ቀረለት? ባሕር የለም፣ አደን የለም፣ መንጋ የለም። የሚለቀው ድምፅ ሲሚንቶ ገጭቶ ይመለሳል።

ቆንጆ ስለሆነ ነው ላልከው፣ ስሜን ውስጥ ጭላዳን የሚጠላ ገበሬ ሞልቷል። ገብሱን ይነቅልበታል፣ ልጆቹ በወንጭፍ ሲያባርሩ ይውላሉ። እኔም ገብስ ቢኖረኝ አባርር ነበር። መባረር ማለት ግን የሚሄድበት አለው ማለት ነው። የሐረር ጅብም ቢሆን፣ ሥጋ ፈልጎ ራሱ ይመጣል፣ ሲጠግብ ወደ ዱሩ ይሄዳል። ማብላቱ ጥሩ ነው አልልም፣ ግን በር የሚዘጋበት የለም። እኔ ደንበኛን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፣ እንስሳው ዛሬ እናንተን ማየት ባይፈልግ ምን ማድረግ ይችላል?

ማራኪ ካምፓስ

በሬውን ዘለልከው 😀

የሳንቃበር ልጅ

በሬውን ዘልያለሁ። ጥሬ ሥጋ እወዳለሁ፣ ምን ልበልህ።

የእማዬ ልጅ

እኔ ሌላ ነገር ልጠይቅ፣ ይቅርታ አቋረጥኩ። ልጄ ኦቲዝም አለበት፣ ስድስት ዓመቱ ነው፣ አይናገርም። ዱባይ ያለችው እህቴ የዶልፊን ቴራፒ የሚባል አለ፣ ልጆች አፍ ይፈታሉ አለችኝ። ብሩን ከዘመድ ከወዳጅ እያሰባሰብን ነው። ይሄን ሁሉ ሳነብ ሆዴ ባባ። ለልጄ ከሆነ ግን ዶልፊኑ ይቅርታ ያድርግልኝ፣ እወስደዋለሁ።

ጡረተኛው መምህር (ቁስቋም)

እህቴ፣ ማንም አይፈርድብሽም። እውነቱን መናገር ግን ግዴታዬ ነው። ሎሪ ማሪኖና ስኮት ሊልየንፌልድ የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በዚህ ላይ የወጡትን ጥናቶች በ1998፣ እንደገናም በ2007 አንድ በአንድ መርምረዋል። ያገኙት ጥናቶቹ በደንብ ያልተሠሩ መሆናቸውን ነው። ልጁ ደስ ሊለው ይችላል፣ ውሃ ያስደስታል፣ አዲስ ቦታ ያስደስታል። የዶልፊኑ ፈውስ የሚባለው ግን አልተረጋገጠም። ያን ሁሉ ብር ለአንድ ሳምንት ውሃ ከምታፈሺው ለንግግር ሥልጠና አድርጊው። አዲስ አበባ ጆይና ነህምያ የሚባሉ የኦቲዝም ማዕከላት አሉ። ሄደሽ ባታስገቢው እንኳ ምክር ጠይቂ።

የሎዛዋ

የእማዬ ልጅ፣ እኔ በነበርኩበት እንደዚያ ያሉ ልጆች ሲመጡ አይቻለሁ። አንዳንዱ ይስቃል፣ አንዳንዱ በፊሽካው ድምፅ ጆሮውን ይዞ ይጮሃል። ያንቺ ልጅ ድምፅ ይረብሸዋል? ከሆነ ቦታው ራሱ ይከብደዋል። ሙዚቃው አይቆምም።

የእማዬ ልጅ

ሚክሰር እንኳ ስከፍት ከቤት ይወጣል። እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም።

አራዳው

እሺ፣ ዓሣ አይደለም 😀 ግን ጥያቄዬ አልተመለሰም። እናትየው ሌላ ቦታ ቢገዙስ? ደንበኛም አጣህ፣ ዶልፊኑም እዚያው ነው።

የሳንቃበር ልጅ

ሊገዙ ይችላሉ። እኔ የአገሩን ገበያ አልዘጋም። የማልሸጠውን ግን እመርጣለሁ። አስጎብኚ እያለሁ ጭላዳ ካልነካሁ ብሎ ብር የሚያወጣ እንግዳ ገጥሞኛል፣ አይሆንም ብዬ ጉርሻዬን አጥቼ ወርጃለሁ። ቢሮ ከፈትኩ ብዬ አመሌን አልለውጥም።

ትናንት ደውዬላቸው መጡ፣ ልጅቷንም ይዘው። የሎዛዋ የጻፈችውን ነገርኳቸው፣ የመምህሩንም። እናትየው መጀመሪያ ተቆጡ። "እኔ ሽሮ ነው የምሸጠው፣ ደንበኛ ሽሮ ሲለኝ ምስር ይሻልሃል እላለሁ?" አሉኝ። ሳቅኩ። "ነቀዝ ከገባበት ይነግሩት የለ እንዴ?" አልኳቸው። ዝም አሉ፣ አላመኑም መሰለኝ።

ልጅቷ ግን ስልኬን ተቀብላ ጭረቱን ፈለገች። ራሷ የወደደችውን ቪዲዮ እያቆመች፣ እያጎላች። አገኘችውም፣ ከክንፉ በታች። ከዚያ "ባሕር ላይ ማየት አይቻልም?" አለች።

አሁን የገባሁበት ጣጣ ይሄ ነው። ከዱባይ በመኪና በራስ አል ኸይማ በኩል ተሻግሮ ኦማን ውስጥ ሙሰንደም የሚባል ቦታ አለ። ከኸሰብ ወደብ የእንጨት ጀልባ ይነሳል፣ በገደሎቹ መሃል የባሕር ዶልፊን ከጀልባው ጎን ይመጣል ይላሉ። ካልመጣ ደግሞ አልመጣም፣ ለልጅቷ ነግሬያታለሁ። ችግሩ የእነሱ ቪዛ ሲንግል ኢንትሪ ነው። ኦማን ከገቡ ወደ ዱባይ መመለሻ የላቸውም። መልቲፕል፣ ደጋግሞ የሚያስገባውን፣ አውጥታችሁ የምታውቁ አላችሁ? የኦማኑስ ለኛ ፓስፖርት ስንት ቀን ይፈጃል?

የሎዛዋ

መልቲፕሉን አሁኑኑ ጠይቅ፣ የዱባዩ ቪዛ ከወጣ በኋላ መቀየር ራስ ምታት ነው። የኦማኑን በኦንላይን ቀድማችሁ አውጡ፣ ድንበር ላይ እናገኛለን ብላችሁ እንዳትሄዱ። የልጅቷ አባት ካልሄደ የስምምነት ወረቀቱን አስተርጉሙ፣ ይጠይቃሉ።

ጀልባውን ስትይዝ ደግሞ አንድ ነገር ጠይቃቸው። ዶልፊን ሲታይ ሞተር አፍጥነው የሚያሳድዱ ካፒቴኖች አሉ፣ እንግዳው እያፏጨ እያጨበጨበ። ቀስ ብሎ የሚሄደውን ፈልግ። ጠዋት የሚነሳውን ያዝ፣ ከሰዓት በኋላ ጀልባው ይበዛል። ልጅቷ ኮፍያ ትያዝ፣ ጀልባ ላይ ፀሐዩ ይጠብሳል።